ስለ ሸማ ክብርና ስለ ሸማኔው እጅ

ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ይባላል። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው ኖረናል፤ ትርጓሜውም ማናቸውም ነገር እንደ ጊዜውና እንደ ስፍራው ይሁን ለማለት መሆኑን ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን መስቀልኛ ያጣፋል፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ ላይ ይገለብጣል፤ በታላቅ ሰው ፊት ለአገልግሎት የቆመ ሰው በወገቡ ያደገድጋል። ይህን ሁሉ ፈርጅ አባቶቻችንና እናቶቻችን አስተምረውናል። ነገር ግን ሸማውን በእጁ ሠርቶ ያቀረበልንን ሰው በምን ፈርጅ እንቀበለው ብለን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። እኛም ሳንጠይቅ ኖረን በገዛ ቤታችን ስላፈርን፥ ከእፍረቱ ያገኘነው ትምህርት ለሌላ ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ነገሩን ሳንሸሽግ ከዚህ ቀጥለን ጽፈናል።

የምንቀመጠው በቡልቡላ ከተማ ነው። ቡልቡላ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ፥ ባቱንና አዳሚ ቱሉን አልፎ የሚገኝ ከተማ ሲሆን ስሙ ከወንዙ ስም ጋራ አንድ ነው። ወንዙ ብዙ ሰው ዝዋይ ብሎ ከሚጠራው ከደንበል ሐይቅ ወጥቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ወደ አብጃታ ሐይቅ ይገባል። ደንበልን መቂና ከታር የተባሉት ወንዞች ይመግቡታል፤ ከእርሱ የሚወጣው ግን ቡልቡላ ነው። በዘመናችን ውሃው ለመስኖና ለልዩ ልዩ ሥራ ስለሚቀዳ ወንዙ በበጋ ይቀጥናል፤ አብጃታም ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቶአል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ስፍራ ያለው ምንጭ ሲደክም በሌላ ስፍራ ያለው እንደሚጎድል በደጃችን በየዕለቱ ስለምናይ ነው፤ የእጅ ሥራም ነገር እንደዚሁ ሆኖ አግኝተነዋል።

በደንበል ሐይቅ መካከል አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፥ ፀደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። በእነዚህ ደሴቶችና በሐይቁ ዳር የሚኖረው የዛይ ሕዝብ ነው። ቋንቋው ዛይኛ ከሴማውያን ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋራ ይዛመዳል። የሕዝቡም ሥራ እርሻና ዓሣ ማጥመድ፥ እንደዚሁም ሽመና ነው።

ነገሩ የጀመረው እናታችን በእርጅናቸው ጊዜ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ከእኛ ጋራ በተቀመጡ ጊዜ ነው። ካመጡት ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት አንድ ሰፊ ሙዳይ ነበረ። በውስጡ እንዝርታቸው፥ ጥቂት አመልማሎና ብዙ ልቃቂት ይገኝ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ መጽሐፍ ማየት ተስኖአቸው ነበር፤ ነገር ግን ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲፈትሉ ክራቸው አይበጠስም ነበር። እኛም ይህ እንዴት ይሆናል ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ፦

«ለመፍተል ዓይን አያስፈልግም፤ ጣት ያያል» ብለው መለሱልን።

በዛሬ ጊዜ ብዙ ልጆች ልብስ ከሱቅ የሚበቅል ይመስላቸዋልና የጥጡን መንገድ በአጭሩ እናስታውሳቸው። ጥጡ ከፍሬው እንዲለይ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ይዳመጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፍና ለስልሶና ነጥሮ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ሲጠቀለል አመልማሎ፥ አመልማሎው በእንዝርት ሲፈተል ክር፥ ክሩም ሲጠቀለል ልቃቂት ይባላል። ይህ ሁሉ በሴቶች እጅ የሚፈጸም ሥራ ነው። ሸማኔው ሥራውን የሚጀምረው የሴቶቹ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ጋቢ የሁለት ቤት ድካም ነው ማለት ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነም ብዙ ክር ይበላል፤ እናታችንም ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ለማከማቸት ስንት ክረምትና ስንት በጋ እንደ ፈጀባቸው እርሳቸው ብቻ ያውቁት ነበር። «ይህን ለብሼ አንድ ጥምቀት ላሳልፍ፤ ከዚያ ወዲያ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» ይሉን ነበር።

ስለዚህ በአንድ የጥቅምት ቀን ከቱሉ ጉዶ ደሴት የመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ የሰው አደራ ለማድረስ ወደ ቡልቡላ መምጣታቸውን ሰምተን ወደ ቤታችን አስጠራናቸው። ሽማግሌውም መጥተው ከደጃፋችን ቆሙ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ግባ፥ ተቀመጥ፥ ቡና ጠጣ እንለው ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሸማኔ ስለ ሆኑ በረንዳው ይበቃቸዋል ብለን ተውናቸው። በዕድሜ አባታችን ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው አንተ እያልን ስለ ዋጋ ተከራከርን። እርሳቸው ግን እኛን እርስዎ እያሉ በትሕትና ይመልሱልን ነበር።

በመጨረሻ በዋጋ ተስማምተን ልቃቂቱን በማስረከብ ላይ ሳለን፥ የስምንት ዓመት ልጃችን ከውስጥ ብቅ አለና ሽማግሌውን ከዚህ ሊጻፍ በማይገባው በጥንቱ የስድብ ስም ጠራቸው። እርግጡን ለመናገር ልጁ በክፋት አልተናገረም፤ ቃሉ የሥራው ስም መስሎት ነበር። እንደዚያ ሲባል የሰማው ከሌላ ስፍራ ሳይሆን ከእኛው ማዕድ ላይ ነው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም የተቀበሉትን ክር በበረንዳው ላይ ቀስ አድርገው አኖሩና፦

«ጌታዬ፥ ልጁን አይቆጡት፤ የሰማውን ነው የተናገረ» ብለው ሄዱ።

እኛ በውስጣችን ብናፍርም የበለጠው እፍረት የመጣው ወደ ቤት በገባን ጊዜ ነው። እናታችን ነገሩን ሁሉ በመስኮት ሰምተውት ኖሮአል። እንዝርታቸውን በሙዳይ ውስጥ ከትተው ክዳኑን ዘግተውታል። ምን ሆኑ ብንላቸው፦

«የኔን ክር የሚነካው እጅ ከተሰደበ እኔም ተሰድቤአለሁ። ያለ እርሱ የኔ ድካም ልቃቂት ሆኖ ይቀራል። ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ያለዚያ ግን ከዚህ ቤት ክር አልፈትልም» አሉን።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን መከልከላቸውን በታሪክ አንብበናል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውንም ሰው ስም እያወጡ ማዋረድ ብልሃተኛን ከአገር የሚያጠፋ መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዘመን ተናግረው ነበር። እኛም ይህን ታሪክ ለሌሎች ስናስረዳና ስናመሰግን ኖረናል። ነገር ግን ዐዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ስድቡ በእኛ ቤት በልጅ አፍ ተገኘ። ዐዋጅ በገበያ ላይ ይነገራል እንጂ በማዕድ ላይ የሚነገረውን ነገር የሚቆጣጠረው የቤቱ ጌታና የቤቱ እመቤት ናቸው።

በማግሥቱ ሽማግሌውን በስልክ ብንፈልጋቸውም አላነሡም። በዚህ ምክንያት የኅዳር ጽዮን በዓል እየቀረበ ስለ ነበረ፥ በዚያው ሄደን በዓሉንም ለማክበር ይቅርታም ለመጠየቅ ቆረጥን። ልጃችንንና ሙዳዩን ይዘን ኅዳር 20 ቀን ከቡልቡላ እስከ ባቱ በመኪና፥ ከባቱ ወደ ቱሉ ጉዶ ደግሞ በሞተር ጀልባ ተጓዝን። በውሃው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በመንገዳችን ላይ ብዙ የውሃ ወፎችን አየን፤ በዳርቻውም በሸምበቆው አጠገብ ጉማሬዎች ራሳቸውን ብቅ እያደረጉ ይጠልቃሉ። ልጃችን በጉዞው ተደስቶ ይጠይቅ ነበር፤ እኛ ግን በሽማግሌው ፊት የምንናገረውን በልባችን እያሰናዳን ዝም ብለናል።

ቱሉ ጉዶ ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። በግዕዙ ስም ደብረ ጽዮን ይባላል፤ በዚያም የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። በደሴቱ ሕዝብ ትውፊት እንደሚነገረው፥ በዮዲት ዘመን አክሱም በጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ተሰደው 70 ዓመት አኑረዋታል። ስለዚህ ኅዳር 21 ቀን ለደሴቱ ሰዎች ከበዓል ሁሉ የበለጠ በዓል ነው።

በዓሉን ስላየነው በመጠኑ እንናገር። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሲቆም አደረ፤ ጸናጽሉና ከበሮው በጸጥታው ውሃ ላይ ርቆ ይሰማል። ጎሕ ሲቀድ ከየአቅጣጫው ጀልባ እየደረሰ ሰው ወደ ተራራው ይወጣ ጀመር። ሁሉም ነጭ ለባሽ ስለ ሆነ ከታች ሆኖ ለሚመለከተው ባዘቶ በተራራው ላይ የተበተነ ይመስላል። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር እልልታው ተነሣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን ደርበው በየማዕርጋቸው ቆሙ። እኛም የመጣንለትን ሰው በዓይናችን ስንፈልግ ከፊተኞቹ ሽማግሌዎች ጋራ ቆመው አገኘናቸው። ኩታቸው የገዛ እጃቸው ሥራ ነበረ፤ ጥለቱም ጠባብና ያማረ ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣቸዋል። በእኛ በረንዳ የቆሙት ሰው እኒሁ መሆናቸውን ባሰብን ጊዜ ፊታችንን ወዴት እንደምናዞረው ጠፋን።

በዓሉ ካበቃ በኋላ ልጃችንን አስከትለን ወደ ቤታቸው ሄድን። ሽማግሌው ባዩን ጊዜ ፊታቸውን አላጨለሙም፤ ወደ ውስጥ አስገብተው በመደብ ላይ ጋቢ አንጥፈው አስቀመጡን። ባለቤታቸውም የነቢያት ጾም ስለ ሆነ የጾም ወጥ፥ ዳቦና ጠላ አቀረቡልን። የበላነው ምግብ መልካም ቢሆንም በጉሮሮአችን በጭንቅ ወረደ፤ ምክንያቱም ከደጅ ያቆምነው ሰው በመደብ ላይ እያስቀመጠ ሲያበላን ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ አያስፈልግም። ከተበላ በኋላ ተነሥተን ቆምንና፦

«አባታችን፥ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የእኛ ነው። እርስዎን አንተ ብለናል፤ ከበረንዳ አቁመናል። ይቅር ይበሉን» አልን። ልጃችንም ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። የልጁን ራስ እየዳሰሱ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፦

«የተቀደደ ሸማ ይሰፋል፤ ስፌቱ ግን ይታያል። ቢታይም ይሞቃል» አሉ። ቀጥለውም ወደ ሙዳዩ ተመልክተው «ክሩን ተውልኝ። ዛሬ በዓል ነው፤ እጅ አይነሣም። ነገ በማለዳ ግን ልጁ ይምጣና የሥራውን ስም ይማር» አሉን።

በማግሥቱ በማለዳ ሄድን። የሽማግሌው መሥሪያ ከቤታቸው ጎን ባለ ዝቅተኛ ዳስ ውስጥ ነው። በመሬቱ ጉድጓድ ተቆፍሮአል፤ ሸማኔው በአፉ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል። በእግር ጣቶቹ መርገጫውን ተራ በተራ ሲረግጥ የድሩ ክር ግማሹ ይነሣል፥ ግማሹ ይወርዳል፤ በመካከሉም በር ይከፈታል። ማጉ በቀሰም ላይ ተጠቅልሎ በመወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ በተከፈተው በር ውስጥ ይወረወራል። ከዚያም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ዕቃ ክሩን ወደ ሸማኔው ሲገፋው አንዲት መስመር ትጠነክራለች። ሸማው እያደገ ሲሄድ በሆዱ ፊት ባለው እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ወደ ጥለቱ ሲደርስ ደግሞ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቈጠረ ያስገባል፤ የሚመለከተው ሥዕል የለም፤ ቍጥሩ በልቡ ነው።

ሽማግሌው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጣታቸውን እያኖሩ «ይህ ድር ነው፤ ይህ ማግ ነው፤ ይህ ቀሰም ነው፤ ይህ መወርወሪያ ነው» እያሉ ነገሩት። ልጃችንም እየተከተለ ይደግመው ነበር። በመጨረሻም «እኔስ ማን ነኝ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ወደ እኛ ተመለከተና ጥቂት ፈርቶ «አባባ ባለ ሙያ» አላቸው። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ሳቁ፤ ካወቅናቸው ጀምሮ ሲስቁ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ብዙ ሸማኔ እንደሚያደርገው ድሩ ከፋብሪካ ክር አስቀድሞ ተደርቶ ነበር። የእናታችንን ክር በቀሰም ላይ ጠቅልለው ጋቢውን በፊታችን ጀመሩ። ጥቂት ከሠሩ በኋላ ልጁን በጉያቸው አስቀምጠው መወርወሪያውን በእጁ ሰጡት። እግሩ ከመርገጫው ስለማይደርስ እርሳቸው እየረገጡለት አራት ወይም አምስት ጊዜ ወረወረ። መስመሩ አንዱ ላላ፥ አንዱ ጠበቀ። እኛ ይፈቱታል ብለን ስንጠብቅ ሽማግሌው ግን እንደ ነበረ ትተውት ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያን ቀን ስለ ሙያው ዕድል ጠየቅናቸው። ወንዶች ልጆቻቸው አንደኛው በባቱ ከአበባ እርሻ ተቀጥሮአል፥ ሁለተኛው ጀልባ ይነዳል። «አልፈርድባቸውም፤ በወር መጨረሻ ደመወዛቸውን ያውቁታል። እኔ ግን ሸማዬ የሚሸጥበትን ቀን አላውቅም» አሉን። ቀጥለውም «ትናንት በተራራው ላይ ያያችሁት ነጭ ሁሉ የእጅ ሥራ አይምሰላችሁ፤ ብዙው ጥለቱ በማሽን የታተመ የባሕር ማዶ ጨርቅ ነው። በዓሉ አለ፤ የበዓሉ ልብስ ግን እየሄደ ነው» አሉ።

ይህ ቃል ከልባችን አልጠፋም። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል። ይህ ለአገራችን ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን መዝገብ በዓሉን ይጽፋል እንጂ ለበዓሉ የሚለበሰውን ሸማ አይሸምንም። የበዓሉን ልብስ በሕይወት የሚያኖረው በዓሉን የሚያከብረው ቤተ ሰብ ነው።

ይህም ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናመጣለን። በፊሊፒንስ ደሴቶች አክላን በሚባል አውራጃ ከአናናስ ቅጠል ጨርቅ የሚሠሩ ሸማኔዎች አሉ። ቅጠሉን በተሰበረ ሸክላ ሳህን ስባሪ ይፍቁታል፤ ከውስጡ የሚወጣውን እንደ ጠጉር የቀጠነ ጭረት አንዱን ከአንዱ ጋራ በእጅ እየቋጠሩ ክር ያደርጉታል፤ ክሩንም በእጅና በእግር በሚሠራ መሸመኛ ይሸምኑታል። ጨርቁ እጅግ ስስና የሚያበራ ስለ ሆነ በዚያ አገር የታላላቅ ሰዎች የክብር ልብስ ነው። ይህ የሽመና ጥበብ በ2016 ዓ.ም. በዚያው በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፎአል። በዚያው አውራጃ በካሊቦ ከተማ ሕፃኑን ኢየሱስን ለማክበር በየዓመቱ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት በጥር ወር ገደማ ሕዝቡ ከበሮ እየመታ በአደባባይ የሚያከብረው ታላቅ በዓል አለ። ልብ ማለት የሚገባን እነዚያ ሰዎች በዓላቸውን ብቻ ሳይሆን ክር የሚቋጥረውን እጅ ጭምር በቅርስነት ማስጻፋቸውን ነው። የእኛ ሸማ ከዚያ አያንስም፤ የጎደለው ባለ እጁን ማክበር ነው።

በቡልቡላም በዙሪያችን ያሉት የአርሲ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ብዙ ያስተምሩናል። እናቶቹ ወተት የሚያኖሩበትን ጮጮ ከተክል ጭረት አጥብቀው ይሰፉታል፤ በጭስም ያጥኑታል። ልጃቸውን ሲድሩ እናቲቱ ሲንቄ የተባለችውን በትር በሠርግዋ ቀን ለልጅዋ ትሰጣታለች፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በጠበኞች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይቆማል። እንግዲህ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ዕቃ ዋጋው በገበያ ብቻ የሚመዘን አይደለም ማለት ነው።

ወደ ጀመርነው እንመለስ። ጋቢው ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀር ተፈጸመ። ሽማግሌው ራሳቸው ይዘውት መጡ። በዚህ ጊዜ ልጃችን ሮጦ በሩን ከፈተ፤ እኛም ተነሥተን ከቤቱ ከፍ ካለው ስፍራ አስቀመጥናቸው፤ ባለቤታችን ቡና አፈላች። እናታችንና ሽማግሌው ስለ ጥጥ፥ ስለ ክር ቅጥነት፥ ስለ ድሮ ገበያ እያነሡ እንደ ጥንት ወዳጆች ሲጨዋወቱ ዋሉ። እናታችን ጋቢውን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱት ነበር፤ ድንገት ወደ ጫፉ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ከዚህ ላይ ሌላ እጅ አለበት» አሉ።

ልጁ አፍሮ ከኋላችን ተሸሸገ። ሽማግሌውም ያን መስመር የወረወረው ማን እንደ ሆነ ነገሩዋቸው። እናታችን ስቀው፥ ያንን የላላውን መስመር ደጋግመው ዳሰሱት፤ «በሉ እንግዲህ፥ ሦስት ቤት ሆኖአል» አሉ። ጥምቀት ዕለትም ጋቢያቸውን ለብሰው፥ በልጁ ትከሻ ተደግፈው ታቦቱ ሲያልፍ ተሳለሙ። በተከታዩ ክረምት እናታችን ዐረፉ። ጋቢው ዛሬ የልጃችን ነው፤ ብርድ ሲሆን ይለብሰዋል፤ የላላውን መስመርም ለእንግዳ ሁሉ እያሳየ «ይህ የኔ ነው» ይላል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ነገር ለቤተ ሰብ የሚሆን የተማርነውን በአጭሩ እናቀርባለን።

1ኛ፤ ልጆች በሚሰሙበት ማዕድ ላይ የማንንም ሰው ሥራ አናዋርድ። ልጅ ቃሉን ከእኛ ይወስዳል፤ በእንግዳ ፊት የሚያወጣው ግን በእኛ ስም ነው።

2ኛ፤ ባለ እጅ ወደ ቤታችን ሲመጣ እርስዎ እንበለው፤ ግባ ተቀመጥ የሚለው ቃልም አይቅርበት። ዋጋ መከራከር የገበያ ሕግ ነው፤ ማቃለል ግን የገበያ ሕግ አይደለም።

3ኛ፤ ለዓመት በዓል ከሚገዛው ልብስ ቢያንስ አንዱ በሸማኔ እጅ የተሠራ ይሁን። ገንዘቡም በቀጠሮው ቀን ይከፈል፤ የሽማግሌው ልጆች ሙያውን የተዉት ሽመናን ጠልተው ሳይሆን ገንዘቡ የሚደርስበትን ቀን ስላላወቁ ነው።

4ኛ፤ በቤታችን የምትፈትል አያት ካለች ልጆቻችንን ከአጠገብዋ እናስቀምጥ። ልጁ ሸማኔ ባይሆን እንኳ የሥራውን ስም ይማራል፤ ስሙን ያወቀ ሰው ደግሞ አይሳደብም።

ሽማግሌው ዛሬም በቱሉ ጉዶ በጉድጓዳቸው አፍ ተቀምጠው ይሠራሉ። ባለፈው በጋ ልጃችን ለጥቂት ቀን ከእርሳቸው ዘንድ ሰንብቶ ተመለሰ። ምን ተማርህ ብንለው፥ እግሩ አሁን ከመርገጫው እንደሚደርስ ነገረን።